ከቀዩ እስክሪብቶ በፊት

ረቂቁን ለአርታዒ፣ ማለትም የሌላውን ሰው ጽሑፍ አንብቦ አወቃቀሩን፣ ቋንቋውንና መረጃውን በክፍያ ለሚያቃና ባለሙያ፣ ከማስረከቡ በፊት መጀመሪያ ራሱ ሊያርመው እንደሚገባ የማያምን ደራሲ በወረታም ሆነ በአዲስ አበባ ተፈልጎ አይገኝም። ችግሩ ከእምነቱ ላይ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ደራሲ ይህን ግዴታ ቀድሞ የተወጣ መስሎ የሚታየው በመሆኑ ላይ ነው። ረቂቁን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዳነበበው የሚናገር ደራሲ ሦስት ጊዜ ተደስቶበታል ማለት እንጂ አርሞታል ማለት አይደለም፤ በሦስቱም ንባብ ዐይኑ የሚሮጠው የሚወደው ምዕራፍ ላይ ለመድረስ ነውና፣ የማይወደውን ምዕራፍ «እሱን አርታዒው ያየዋል» ብሎ ያልፈዋል።

የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድና በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በሚለያዩበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ናት። በዚህ መገንጠያ የፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት ይጫናል፣ የጎንደሩም የወልድያውም መንገደኛ ይሳፈራል፤ የመጽሐፍ አርታዒ ግን መናኸሪያ ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የሚገኝ ሰው ስላልሆነ፣ የወረታ ደራሲ ረቂቁን አንድም ወደ ባሕር ዳር አንድም ወደ አዲስ አበባ፣ ድሮ በሰው እጅ ዛሬ በቴሌግራም፣ ይልካል። ክፍያው በገጽ ይሰላ በጥቅል፣ ገንዘቡ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ የወረዳ ሠራተኛ ቀላል ባለመሆኑ፣ ራስን የማረም ጉዳይ ከትሕትና ይልቅ የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። አርታዒው የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች የተዘለሉ ነጠላ ሰረዞችን ሲተክል፣ አንዴ «ወረታ» ሌላ ጊዜ «ዎረታ» ተብሎ የተጻፈውን ስም አንድ ሲያደርግ ከዋለ፣ በ101ኛው ገጽ ላይ ታሪኩ መሰበሩን ሊያይ የሚችለው ዐይኑ ደክሟል፤ ደራሲውም የባለሙያ ዋጋ ከፍሎ የገዛው ማንኛውም ትዕግሥተኛ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሆኖ ያርፋል።

ደራሲ የገዛ ጽሑፉን ስሕተት ለማየት የሚቸገረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ትቶ በልቡ ያሰበውን ስለሚያነብ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ ደግሞ ለዚህ ዐይነቱ ራስን ማታለል ልዩ ምቾት ይሰጣል፤ ፊደሉ መጥበቅንና መላላትን፣ ማለትም አንድ ድምፅ ተረግጦ መነበቡን ወይም አለመነበቡን፣ አያሳይምና «አለ» የሚለው ቃል ሰውየው ተናገረ ለማለት ይሁን በስፍራው ተገኘ ለማለት የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። «ገና ገና ነው» ብሎ የጻፈ ደራሲ በዓሉ አለመድረሱን በሚገባ የተናገረ መስሎት ወደሚቀጥለው መስመር ሲሸጋገር፣ አንባቢው የትኛውን አጥብቆ የትኛውን እንደሚያላላ ለማወቅ ሁለቴ ተመላልሶ ይሞክራል። ለዚህ የሚበጀው መድኃኒት ረቂቁን ከዚያ ቀደም አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግና አንባቢው የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ማዳመጥ ነው። የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ግን ዝም ማለቱ ነው፤ ደራሲው «እዚህ ጋ ጠበቅ አድርገህ አንብበው» ባለበት ቅጽበት ዘዴው ይፈርሳል፣ መጽሐፉ ተሽጦ ከሄደ በኋላ በእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ተቀምጦ ማጥበቅ የሚችል ደራሲ የለምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያይ የእነ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ የእነ ሰ እና ሠ፣ የእነ አ እና ዐ፣ የእነ ጸ እና ፀ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ፊደላት ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ አንዱ ወገን የግዕዙን ሥር ተከትሎ እያንዳንዱን በቦታው ማዋል ሲሻ፣ ሌላው ወገን ትርፎቹን ቀንሶ መገላገል ይሻል፤ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት «ዐዲስ» በሚል በዐይኑ ዐ የተጻፈ ቃል ከርእሱ ጀምሮ የትኛው ወገን መሆኑን ሲያሳውቅ፣ በየዕለቱ የሚታተመው ጽሑፍ አብዛኛው «አዲስ» ብሎ ያልፋል። ለረቂቅ አራሚ የሚበጀው ከሁለቱ ወገን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ገጽ መጽናት ብቻ ነው፤ የተሳሳተ የሚባለውን መንገድ ሳያወላውል የተከተለ ደራሲ ትክክለኛውን አልፎ አልፎ ከሚያስታውሰው ይሻላል። መጽናቱ የሚያስፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ድምፅ 2፣ በሁለተኛው ድምፅ 6 አማራጭ ስላለው በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ለሰው ጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ 12 ቃላት ለኮምፒውተር 12 የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። የዋና ገጸ ባሕርይዋን ስም ከፀሐይ ወደ አበባ ለመቀየር ወስኖ ኮምፒውተሩን «ፈልግና ተካ» ያለ ደራሲ በሁለት በኩል ይጎዳል፦ በአንድ በኩል በሌላ ፊደል የተጻፈችው ጸሀይ ሳትነካ ቀርታ ከአበባ ጋር በአንድ ቤት፣ ከአንድ ባል ጋር ትኖራለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሰማይዋ ፀሐይ ሳትጠየቅ ስሟ ተቀይሮ፣ በየምዕራፉ ማብቂያ አበባ ከጣና ማዶ ስትጠልቅ ትታያለች። (የአተያየቡን ነገር በአጭሩ ለማንሳት ያህል፣ የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም ውስጥ ስለገባ፣ ረቂቁን ከዚያ በቀደሙት የፊደል ዐይነቶች አስተይቦ የሚልክ ሰው አርታዒው ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው የላቲን ቁርጥራጭና የአራት ነጥብ ፍርስራሽ ቢሆን ሊገረም አይገባውም።)

ራስን የማረም ሥርዓት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቅኔ የሚማረው በመቁጠርና በመንገር ነው፤ ቆጠራ የሚባለው ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ቀለም፣ የዕለቱን ቅኔ በልቡ የሚያበጅበት ሥራ ሲሆን፣ ነገራ የሚባለው ደግሞ ያበጀውን ለመምህሩ አሰምቶ የሚያሳርምበት ሥርዓት ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ሲወጣ፣ በየደረጃው ምጣኔው መስተካከሉን፣ ቤቱ መምታቱን፣ አገባቡ አለመፋለሱን፣ ሰሙ ወርቁን መሸከሙን በቅድሚያ መርምሮ ካልቀረበ ጉድለቱ የሚነገረው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ተማሪ ያልመረመረውን ቅኔ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ አይቀርብም። የዘመኑ ደራሲ ይህን ጸጋ ተነፍጎ፣ ጉድለቱ በኮምፒውተር ጠርዝ ላይ በትሕትና በተጻፈ ማስታወሻ ስለሚነገረው፣ እፍረቱ ለመታረም የሚበቃ አይሆንም። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ቅኔ በየዕለቱ አዲስ መሆን ያለበት በመሆኑ ላይ ነው፤ የትናንቱ ቅኔ ምንም ያህል ቢያምር ለዛሬ ስለማያገለግል፣ ተማሪው የገዛ ሥራውን አበጅቶ መተውን ከልጅነቱ ይለምዳል። አንዲት አንቀጽ መሰረዝ ቀኑን የሚያስመሽበት የልብ ወለድ ደራሲ ከዚያ ተማሪ ቢማር የሚያገኘው ጥቅም ይህ ነው።

የጽሑፍ መምህራን ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ምክር ረቂቅ ካለቀ በኋላ ሳይነካ ሊከርም ይገባዋል የሚለው ነው። የሮሙ ባለቅኔ ሆራስ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መልእክት የተጻፈው ሥራ እስከ 9ኛው ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ መክሯል፤ ይህን ሲል ግን የማተሚያ ቤት ዋጋ በየመንፈቁ በሚጨምርበት አገር አልነበረም። በዚህ ረገድ ከሆራስም የበለጡ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስፋፍተውትና አርመውት፣ እሳቸውም ሳያሳትሙት ካለፉ በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ እጅ በ1948 ዓ.ም. ለመታተም በቅቷል። የፎገራ ደራሲ 9 ዓመትም ሆነ ሦስት ትውልድ ባይጠብቅ፣ ወቅቱ ራሱ ያስጠብቀዋል። መምህር ከሆነ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ረቂቁን ጨርሶ ለማረም ያቅዳል፤ ዘመዶቹ ግን በዚያው ወቅት ለሩዝ አረም ሰው ይፈልጋሉ፣ የመጽሐፍ ሥራ ደግሞ በፎገራ ሜዳ ላይ ከሩዝ የሚያስቀር ምክንያት ሆኖ አያውቅም። ውኃ በተኛበት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ደራሲ ሳያስበው የሚማረው ነገር አለ፤ ከሩዙ ጋር የሚበቅለው ሣር በቡቃያነቱ ሩዙን ስለሚመስል ያልለመደ እጅ ሩዙን ነቅሎ ሣሩን ሊያስቀር ይችላል፤ በትኩስ ረቂቅ ውስጥም ትርፉ ዓረፍተ ነገር ከደኅናው የማይለየው በዚሁ ምክንያት ነውና፣ ልዩነቱ እስኪታይ ሁለቱም ጥቂት ማደግ ይኖርባቸዋል። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያው ሲለመልም፣ ደራሲው ወደ ረቂቁ ተመልሶ የማን እንደሆነ በመጠኑ የረሳውን ጽሑፍ ያገኛል።

ከዕረፍቱ በኋላ ረቂቁን ለመጀመሪያ አንባቢዎች ማሳየት የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ የአገሩ ጨዋነት ለደራሲ ትልቁ ጠላቱ ሆኖ ይመጣል። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ደራሲው አንድ ምዕራፍ ሲያነብ ያዳመጡ ጎረቤቶች ምንም ቢሰለቹ «እጅህ ይባረክ» ከማለት ሌላ የሚሉት የለም፤ እናት ከሆነች ከምዕራፉ ይልቅ የልጇ ድምፅ መጎርነኑን ነው ልብ የምትለው። የሥራ ባልደረባ ደግሞ ረቂቁን ለሁለት ወር ይዞ ከቆየ በኋላ «በጣም ግሩም ነው፣ ግን ትንሽ ብታሳጥረው» ይላል፤ ይህም ከ20 ገጽ በላይ አላነበብኩትም ማለት መሆኑን ልምድ ያለው ደራሲ ያውቀዋል። ሐሰተኛ ምስጋናን የሚያስቀረው ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ «እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ያመሰግናል፣ «የቱ ጋ ስትደርስ አስቀምጠኸው ወደ ሌላ ሥራ ሄድክ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን የገጹን ቁጥር ይናገራል። ከሁሉም አንባቢዎች እውነተኛዋ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ጸሐፊ ናት፤ የምትከፈለው በገጽ ስለሆነ የመጽሐፉ መርዘም ባይከፋትም፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ የምታልፍ ብቸኛዋ ሰው እሷ በመሆኗ፣ በመሐል ቀና ብላ «ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ ቅድም ተቀብረው አልነበር?» ልትል ትችላለች። እንዲህ ዐይነቱን ጥያቄ በነፃ ያገኘ ደራሲ ስለ ኪነ ጥበባዊ ነፃነት ማብራሪያ መስጠቱን ትቶ ወደ ቀብሩ ገጽ ቢመለስ ይሻለዋል።

የመረጃ ማጣራት፣ ማለትም በጽሑፉ ውስጥ ያሉ ዘመናት፣ ስሞችና ቦታዎች እርስ በርሳቸውና ከእውነቱ ጋር መስማማታቸውን መመርመር፣ ከአርታዒው ይልቅ ለደራሲው የሚቀል ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ አርታዒ የሜዳውን ነገር ላያውቅ ይችላልና። ለምሳሌ የፎገራን ሩዝ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሰብሉ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት እንደተዋወቀና ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ጅግና ከተባለው ቦታ እንዳገኘ ሲገልጽ፣ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን ካልጻፈ፣ ወይም ግማሹን ከፈረንጅ ጥናት ግማሹን ከአካባቢው ሽማግሌ ወስዶ ካደባለቀ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሸሸዋል። በፈረንጆቹ አቈጣጠር 1970 ሲባል አገሩ ገና በአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነበረና፣ የደርግ እንግዶች የሆኑት የፒዮንግያንግ ባለሙያዎች በንጉሡ ዘመን ጭቃ ውስጥ ገብተው ችግኝ ሲተክሉ ይገኛሉ። ሜዳውን ያጥለቀለቀው ትልቁ ጎርፍም የደረሰው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ የፈረንጁ ሰነድ 2006 ስለሚለው፣ ሁለቱን ያላስታረቀ ረቂቅ አንዱን ጎርፍ ሁለት አድርጎ ሕዝቡን ያለ ጥፋቱ ዳግመኛ ያፈናቅላል። የቦታ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና የሚገቡ፣ ጉና በስተምሥራቅ ጣና በስተምዕራብ ያሉ በመሆናቸው፣ ወረታ ላይ ቆሞ ፀሐይ በጉና ላይ ስትጠልቅ ያየ ገጸ ባሕርይ የፍቅር ሕመም ቢኖርበት እንኳ ይቅር የሚባል አይደለም።

ከመረጃው ይልቅ በቀላሉ የሚያመልጠው የአክብሮት ነገር ነው። አማርኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን፣ «እሱ»ን እና «እሳቸው»ን በግሡ ጭራ ላይ ሳይቀር ስለሚለይ፣ በ12ኛው ገጽ «አያቴ መጡ» ተብለው የገቡት ሴት በ13ኛው ገጽ «አያቴ ተናደደች» ቢባሉ አንባቢው በመሐሉ አንዳች ጠብ የተፈጠረ መስሎት ወደ ኋላ ይመለሳል። ደራሲው ሆን ብሎ መቀየሩ አንድ ነገር ነው፤ ምራት አማቷን በቁጣ «አንቺ» ብትል ይህች አንዲት ቃል የአንድ ምዕራፍ ያህል ትናገራለች። ሳያስበው ሲቀየርበት ግን የቁጣዋ ምራት ቃል ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ፣ «ጋሼ» የሚለው ማን፣ «እትዬ» የሚባሉት ማን እንደሆኑ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከዚያ ጋር እያመሳከሩ ማንበብ አሰልቺ ቢሆንም፣ ለአማርኛ ረቂቅ ከነጠላ ሰረዝ እርማት የሚበልጥ ሥራ ነው።

የዓረፍተ ነገር ርዝመት ሌላው የክርክር ርእስ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ሐሳቡን የሚዘጋው ግሥ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣ በመሆኑ፣ የረዘመ ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ማን ምን እንዳደረገ ሳይነግር ብዙ መንገድ ያስጉዘዋል፤ ይህን ያነበበ ሰው የዚህን ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሮች መለካት ቢጀምር መብቱ ነው። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ብርሃኑ ዘሪሁን በአጫጭርና በጠሩ ዓረፍተ ነገሮቹ የታወቀ ሲሆን፣ ከልብ ወለዶቹ ጎን ለጎን አዲስ ዘመንን (ከወረታ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ ሳይሆን ጋዜጣውን) ያዘጋጅ ነበርና፣ የሌላውን ሰው ጽሑፍ በየቀኑ መቁረጥ የራስን ለመቁረጥ እጅ እንደሚያፍታታ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዳኛቸው ወርቁ ደግሞ በ«አደፍርስ» ልብ ወለዱ አንባቢን የሚያደክም ውስብስብ አጻጻፍ መርጦ፣ ኋላ ላይ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ አዘጋጅቷል፤ ይህም ሕግን ማወቅና ሕግን መጣስ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ያሳያል። ሕጉን ሳያውቅ «የእኔም እንደ አደፍርስ ነው» የሚል ደራሲ ግን በየዓመቱ ይወለዳል።

በመቁረጥ ረገድ ፎገራ ከማንም የሚበልጥ ምስክር አላት፤ በወግና በቀልዳቸው የታወቁት፣ ተክሌ አቋቋም ለተባለው የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሥርዓት መነሻ የሆኑት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በዚሁ በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ቀልዶቻቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሳይሰለቹ የኖሩት አለቃ ስለተናገሯቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ እያንዳንዱ ተራኪ ሰሚው ያልሳቀበትን ቃል እየጣለ ስለሄደ ጭምር ነው፤ በመሐሉ አለቃ ፈጽሞ ያልተናገሯቸው ብዙ ቀልዶች በስማቸው መመዝገባቸው የዚሁ አርትዖት ትርፍ ነው። ብቻውን በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ደራሲ ይህ ሁሉ ተራኪ ስለማይኖረው፣ የመቶ ዓመቱን ሥራ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ሊሠራው ይገደዳል። ለመጀመር የሚመቹት ምንም ሳያጎድሉ የሚወጡት ሐረጎች ናቸው፤ «እንደሚታወቀው» ከታወቀ አይጻፍም፣ «በአሁኑ ጊዜ» ግሡ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው፣ «ማለት ይቻላል» የሚለውም ተብሎ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመግቢያው ምዕራፍ ነው፤ ብዙ ረቂቅ የሚጀምረው ደራሲው ብዕሩን ሲያሟሽ በጻፋቸው ገጾች ስለሆነ፣ ምዕራፍ አንድ ተነሥቶ ታሪኩ ከምዕራፍ ሁለት ቢጀምር ልዩነቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ደራሲው ብቻ ነው።

ራስን ማረም የማይደርስበት ወሰንም አለው። ሦስተኛው ምዕራፍ አሰልቺ መሆኑን፣ ደራሲው የሚያፈቅረው ገጸ ባሕርይ ለሌላው ሰው የማይታገሡት ዐይነት መሆኑን፣ መጽሐፉ ሊናገር የተነሣበትን ነገር ትቶ ሌላ ነገር ተናግሮ ማለቁን ማየት የሌላ ሰው ዐይን የሚፈልግ ሥራ ነውና፣ ደራሲው እዚህ ሲደርስ ማረሙን አቁሞ መላክ ይኖርበታል። ያላቆመ ደራሲ ከሰነፉ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ረቂቁን ሰኞ ልኮ ረቡዕ «ያንን ተወው፣ ይሄኛውን ተጠቀም» የሚል ሌላ ፋይል ሲያስከትል፣ አርታዒው 60 ገጽ የሄደበት ሥራ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከረቂቁ ጋር አብሮ ሊላክ የሚገባው ማብራሪያ ወይም ይቅርታ ሳይሆን የተመረጡት ፊደላት፣ የሰዎችና የቦታዎች ስም አጻጻፍ፣ የዘመን አቈጣጠሩና የገጸ ባሕርያቱ አጠራር የሰፈሩበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ አርታዒው «ርብ» የሚለውን አይቶ «ሪብ» ሊያደርገው ሲያስብ ወደዚያ ገጽ ተመልክቶ እጁን ይሰበስባል። ተቆርጦ የወጣውን ጽሑፍ በተመለከተ ደግሞ መጣል የማይሆንለት ደራሲ «ለሁለተኛው መጽሐፍ» የሚል ፋይል ከፍቶ እዚያ ማኖሩ ለልቡ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ የዚያ ፋይል ገጽ ብዛት ከመጀመሪያው መጽሐፍ ማለፉ የተለመደ በመሆኑም፣ ሁለተኛው መጽሐፍ መቼ እንደሚታተም ለሚጠይቁት ሁሉ ረቂቁ መጠናቀቁን ያለ ሐሰት መናገር ይችላል።